ሸቀጡ ዳኛ አለው፤ ሠራተኛውስ?

በዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች መካከል ስለ ዓለም ንግድ በሚደረገው ክርክር ሁለት ወገኖች ይታያሉ። አንደኛው ወገን፥ ድሀ አገር ከድህነት የሚወጣው ፋብሪካ ሲተከልለትና ዕቃው በውጭ ገበያ ሲሸጥለት ነው፤ ስለ ደመወዝና ስለ ሠራተኛ ማኅበር የሚነሣው ጥያቄ ግን ፋብሪካው ሥር እስኪሰድ ድረስ ቢቈይ ምንም አይደለም ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የዓለም የንግድ ሕግ ባለጸጎች ለባለጸጎች የጻፉት ስለ ሆነ፥ ከእርሱ ለሠራተኛው ፍትሕ መጠበቅ ከእባብ እንቍላል እርግብ መጠበቅ ነው ይላል። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። የሠራተኛው መብት በንግድ ሕግ ውስጥ መግባት አለበት እንላለን፤ ነገር ግን የሚገባበት መንገድ እስካሁን እንደ ተለመደው ከሆነ ተመልሶ የሚጎዳው ያንኑ ሠራተኛ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካላልን በቀር፥ ሁሉም በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥታት የዓለምን ንግድ የሚመራ አንድ ድርጅት ለማቋቋም በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና ተሰብስበው በ1948 አንድ ቻርተር አጽድቀው ነበር። የዚያ ቻርተር ሰባተኛ አንቀጽ፥ ፍትሐዊ ያልሆነ የሥራ ሁኔታ፥ ይልቁንም ወደ ውጭ የሚላክ ዕቃ በሚሠራበት ቦታ ሲገኝ፥ በዓለም ንግድ ላይ ችግር እንደሚፈጥር አምኖ፥ አባል መንግሥታት ይህን ለማስወገድ ተገቢውን እርምጃ እንዲወስዱ ያዝዝ ነበር። ይሁን እንጂ የአሜሪካ ምክር ቤት ቻርተሩን ሳያጸድቀው ስለ ቀረ፥ ድርጅቱ ሳይወለድ ሞተ። የተረፈው በ1947 የተፈረመው ጋት የተባለው የቀረጥና የንግድ ጠቅላላ ስምምነት ብቻ ነው። በዚህ ስምምነት ውስጥ የሥራን ሁኔታ በቀጥታ የሚነካ ቃል የሚገኘው በሃያኛው አንቀጽ ሲሆን፥ እርሱም አንድ መንግሥት በእስረኞች ጉልበት የተሠራ ዕቃ ወደ አገሩ እንዳይገባ ለመከልከል እንዲችል የሚፈቅድ ነው። እስረኛ ላልሆነው ሠራተኛ ግን የተጻፈ ነገር የለም።

በ1995 የዓለም ንግድ ድርጅት ሲቋቋም ጉዳዩ እንደገና ከበር ተመለሰ። የተመለሰበትን ምክንያት ለመረዳት በዚያው ጊዜ በበሩ ያለፈውን መመልከት ይበቃል። የመድኃኒት፥ የፊልምና የኮምፒዩተር ኩባንያዎች “የአእምሮ ንብረታችን በየአገሩ እየተሰረቀ ነውና መብታችን በንግድ ሕግ ይጠበቅልን” ብለው ጠየቁ። ህንድና ብራዚል ነገሩን ተቃወሙ፤ የአእምሮ ንብረትን ጉዳይ የሚመለከት የተባበሩት መንግሥታት ልዩ ድርጅት በጄኔቭ ስላለ ወደዚያ ይሂዱ ብለውም ተከራከሩ። የሰማቸው ግን አልነበረም። የኩባንያዎቹ ጥያቄ ተፈቅዶ ስለ አእምሮ ንብረት የሚናገረው ስምምነት ከንግዱ ስምምነት ጋር አብሮ ተፈረመ። ይህን የጣሰ አገር በዓለም ንግድ ድርጅት ዳኞች ፊት ይከሰሳል፤ ተፈርዶበት ካላረመም ከሳሹ አገር በሌላ ዕቃው ላይ ቀረጥ እንዲጭንበት ሊፈቀድለት ይችላል። ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካ የአዳዲስ ዳኞችን ሹመት በማገዷ የይግባኝ ሰሚው ክፍል ሥራውን ቢያቆምም፥ ሕጉ የተጻፈበት ሐሳብ ይህ ነው።

ሠራተኛው ያንኑ ጥያቄ ሲያቀርብ መልሱ ሌላ ሆነ። በ1996 መጨረሻ የድርጅቱ ሚኒስትሮች በሲንጋፖር የመጀመሪያ ጉባኤያቸውን ሲያደርጉ፥ በዚያን ጊዜ የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ዋና ዲሬክተር የነበሩት ሚሼል ሐንሰን ንግግር እንዲያደርጉ ከተጋበዙ በኋላ ግብዣው ተሰረዘባቸው። ጉባኤው ባወጣው መግለጫም ሚኒስትሮቹ መሠረታዊ የሥራ ደንቦችን እንደሚያከብሩ ካረጋገጡ በኋላ፥ ደንቦቹን የማውጣትና የመከታተል ጉዳይ የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እንደ ሆነ፥ ገበያ ለመዝጋትም ምክንያት መሆን እንደማይገባቸው፥ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፍሉ ታዳጊ አገሮች ያላቸው የንግድ ብልጫም በምንም መንገድ በጥያቄ ውስጥ መግባት እንደሌለበት አስታወቁ። ለኩባንያዎቹ “ወደ ጄኔቭ ሂዱ” ማለት ነውር ሲሆን፥ ለሠራተኛው ግን ደንብ ሆነ።

እንግዲህ ሠራተኛው የተላከበትን ቤት እንመልከት። ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በ1919 የተመሠረተ፥ መንግሥታት፥ አሠሪዎችና ሠራተኞች በአንድነት የሚቀመጡበት የተከበረ ሸንጎ ነው። አገራችንም ከ1923 ጀምሮ አባል ናት። ድርጅቱ ያወጣቸው ውሎች ባይኖሩ ኖሮ በብዙ አገር የስምንት ሰዓት ሥራና የሳምንት ዕረፍት የሚባለው ነገር በሕግ ለመግባት ብዙ በዘገየ ነበር። ነገር ግን ይህ ድርጅት ይመረምራል፥ ይመክራል፥ ይወቅሳል እንጂ ወደብ ላይ ዕቃ አያስቆምም። በመተዳደሪያ ደንቡ በ33ኛው አንቀጽ፥ ምክሩን በማይቀበል አባል ላይ እርምጃ እንዲወሰድ ለማሳሰብ ሥልጣን አለው። ይሁን እንጂ በዚህ አንቀጽ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጠቀመው በምያንማር ስለ ነበረው የግዳጅ ሥራ በ2000 ነው፤ ከተመሠረተ ከ81 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለሸቀጥ ባለቤት ዳኛ ሲሰጠው ለሠራተኛው መካሪ ተሰጠው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው እንዲህ ላለው መብት ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። የሠራተኛው አንቀጽ በንግድ ሕግ ውስጥ እንዳይገባ አጥብቀው የተከራከሩት የባለጸጋ አገር ኩባንያዎች ብቻ አይደሉም። ህንድንና ማሌዢያን የመሳሰሉ አገሮች መንግሥታትም ዋነኞቹ ተቃዋሚዎች ነበሩ። በ1999 በሲያትል በተደረገው ጉባኤ ጊዜ ፕሬዚዳንት ክሊንተን የሥራ ደንቦች ወደፊት በማዕቀብ መደገፍ አለባቸው የሚል ቃል በመናገራቸው የታዳጊ አገሮች ልኡካን እጅግ ተቈጥተው ነበር። ክርክራቸው ባጭሩ ይህ ነው፤ ባለጸጎቹ ስለ ሠራተኛችን የሚያለቅሱት ለእርሱ አዝነው ሳይሆን፥ በርካሽ ጉልበት የሚሠራው ዕቃችን የእነርሱን ፋብሪካ እንዳይወዳደር ለማገድ ነው የሚል ነው።

ይህ ክርክር ግማሹ እውነት ነው። እነዚሁ ባለጸጎች ከ1974 ጀምረው እስከ 2004 መጨረሻ ድረስ፥ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፥ ከድሀ አገሮች የሚመጣውን ጨርቅና ልብስ በኮታ ሲገድቡ ኖረዋል። በዚያን ጊዜ የልብስ ሰፊዋን ደመወዝ የጠየቀ አልነበረም፤ የሚቈጠረው የሸሚዙ ብዛት ብቻ ነበር። አሜሪካም ብትሆን ስለ መደራጀት መብትና ስለ ኅብረት ድርድር የወጡትን 87ኛውንና 98ኛውን የሥራ ውሎች እስካሁን አላጸደቀችም። ኢትዮጵያ ግን ሁለቱንም በ1963 አጽድቃለች። ራሱ ያልፈረመውን ውል ይዞ ሌላውን የሚከስ ዳኛ እምነት አይጣልበትም።

ሁለተኛው ግማሽ ግን ሐሰት ነው። የደመወዝ ዝቅተኛነት አንድ ነገር ነው፤ የመብት መከልከል ሌላ ነገር ነው። የአዋሳ ሠራተኛ የኒው ዮርክ ሠራተኛ የሚያገኘውን ደመወዝ በአንድ ቀን ታግኝ ያለ ሰው የለም። የሚጠየቀው በ1998 ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት መሠረታዊ መብቶች ብሎ በመግለጫው የዘረዘራቸው ናቸው፤ እነርሱም የመደራጀትና በኅብረት የመደራደር መብት፥ ከግዳጅ ሥራ ነጻ መሆን፥ የሕፃናት ጉልበት አለመበዝበዝ፥ በሥራ ላይ ልዩነት አለመደረጉ ሲሆኑ፥ በ2022 ደግሞ አደጋ የሌለበትና ጤናማ የሥራ ቦታ ተጨምሮባቸዋል። ማኅበር ያቋቋመውን ሠራተኛ ከሥራ ላለማባረር አንድ አገር መጀመሪያ ባለጸጋ መሆን አያስፈልገውም። የንግድ ብልጫችን ሠራተኛችን እንዳይናገር አፉን በመያዝ ብቻ የሚጠበቅ ከሆነ፥ ብልጫው የአገር ሳይሆን የአሠሪው ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። የአዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2016 ሲመረቅ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ለብዙ ሺህ ወጣቶች፥ ይልቁንም ከገጠር ለመጡ ሴቶች፥ የመጀመሪያው የደመወዝ ሥራ ሆነላቸው። ነገር ግን በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ አንድ የጥናት ማዕከል በ2019 ባወጣው ጽሑፍ፥ የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 የአሜሪካ ዶላር ያህል መሆኑንና ይህም በዓለም የልብስ ስፌት ኢንዱስትሪ ውስጥ ከተመለከታቸው አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ገለጠ። በዚያው ጽሑፍ የባንግላዴሽ 95፥ የኬንያ 207፥ የቻይና 326 ዶላር ነበር። ፋብሪካዎቹም በአማካይ በአንድ ዓመት ውስጥ ሠራተኞቻቸውን በሙሉ ያህል ይለውጡ ነበር። ይህ ማለት ሠራተኞቹ ማኅበር ስለ ሌላቸው ቅሬታቸውን በድርድር ሳይሆን በእግራቸው ይናገሩ ነበር ማለት ነው። የቤት ኪራይና ምግብ ከተከፈለ በኋላ የማይተርፍ ደመወዝ ማንን ያቈያል?

እነዚህ ሠራተኞች የሚሰፉት ልብስ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ይገባ የነበረው አጎዋ በሚባለው፥ በ2000 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት ነው። የዚህን ሕግ ቃል የሕግ ተማሪዎች ሁሉ ቢያነቡት ጥሩ ነው። አንድ አገር ከዕድሉ ተጠቃሚ ለመሆን የሠራተኛን መብት ማክበር ወይም ወደዚያ ማምራት አለበት ይላል፤ መብቶቹንም ሲዘረዝር የመደራጀትን መብትና ዝቅተኛ ደመወዝን፥ የሥራ ሰዓትንና የሥራ ደኅንነትን የሚመለከት ተገቢ ሁኔታን ይጨምራል። በግሉ የሥራ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ያልነበራት ኢትዮጵያ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራ ከሃያ ዓመት በላይ በዚህ ሕግ ስትጠቀም፥ በደመወዝ ወለል ምክንያት ዕድሉ ተወስዶባት አያውቅም። ሕጉ ለሠራተኛው መጻፉን እናያለን፤ ለሠራተኛው ሲሠራ ግን አላየንም።

በኋላ ግን ዕድሉ ተወሰደ። ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ አሜሪካ በሰሜን በተደረገው ጦርነት ምክንያት፥ ከባድ የሰብአዊ መብት ጥሰት ተፈጽሟል በማለት ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፥ በኅዳር 2021፥ ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ በአዋሳ የነበረውን ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። ስለ ጦርነቱ ማን ምን በደለ የሚለው በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ነገር አይደለም። የምንለው አንድ ነው። ጦርነቱን ያላወጀች፥ ጥይት ያልተኰሰች፥ ስለ ሰላምም ሆነ ስለ ጦርነት ሐሳቧን ያልተጠየቀች አንዲት ልብስ ሰፊ በሌላው ጥፋት እንጀራዋን አጣች። ደመወዟ ሲቀንስ ድምፅ አልነበራትም፤ ሥራዋ ሲጠፋም ድምፅ አልነበራትም። ዝሆኖች ሲራገጡ የሚጎዳው ሣሩ ነው።

ከዚህም ሌላ አንድ ትምህርት እናገኛለን። ደመወዝ ዝቅ ካላደረግን ባለ ሀብት ይሸሻል የሚሉት ወንድሞቻችን ይህን ይመልሱልን፤ በዓለም ዝቅተኛ የተባለው ደመወዝ ባለ ሀብቱን በክፉ ቀን አቈየውን? አላቈየውም። በርካሽነት የመጣ ሌላ ርካሽ ሲያገኝ ወይም ቀረጥ ሲጨመርበት ይሄዳል። የሰለጠነና ከሥራው ጋር የተዋሐደ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ግን በቀላሉ ተነቅሎ አይሄድም።

የሠራተኛ መብት ራሱ የቅጣት ምክንያት በሆነበት ጊዜስ ምን ታየ? የስዋዚላንድ መንግሥት፥ አገሪቱ ዛሬ ኤስዋቲኒ የምትባለው ናት፥ በ2012 የአገሩን የሠራተኛ ማኅበራት ጉባኤ ምዝገባ ሰረዘ። አሜሪካም በሠራተኛ መብት ምክንያት ከጥር 2015 ጀምራ ከአጎዋ አስወጣቻት። መንግሥቱ ማኅበሩን መዘገበ፤ ሕጎቹንም ቀስ በቀስ አሻሻለ፤ ከጥር 2018 ጀምሮም ዕድሉ ተመለሰለት። ስለዚህ ቅጣቱ አልሠራም ማለት አንችልም። ነገር ግን በእነዚያ ሦስት ዓመታት ፋብሪካ ሲዘጋ ከሥራ የወጡት ሚኒስትሮቹ አልነበሩም፤ መብታቸው ተነካ የተባሉት ሠራተኞች ራሳቸው ነበሩ። ልጅ ተበደለ ብሎ የልጁን ምሳ እንደ መንጠቅ ነው።

ሌላው ምሳሌ ጓቲማላ ናት። የአሜሪካና የጓቲማላ ሠራተኛ ማኅበራት በ2008 አንድ ክስ አቀረቡ፤ ክሱም ጓቲማላ በነጻ የንግድ ውሏ የገባችውን ቃል ጥሳ የሥራ ሕጎቿን አታስከብርም የሚል ነበር። ነገሩ በዳኞች ታይቶ ውሳኔ የተሰጠው በ2017 ነው። ዳኞቹ በስምንት የሥራ ቦታዎች 74 ሠራተኞችን በሚመለከት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይፈጸም መቅረቱን አምነዋል። ነገር ግን ይህ ጥፋት “ንግድን በሚነካ መንገድ” መፈጸሙ አልተረጋገጠም ብለው ለጓቲማላ ፈረዱ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ሠራተኛ ያገኘው መልስ “መበደልህ እውነት ነው፤ ነገር ግን በደልህ የዕቃውን ዋጋ መንካቱን አላስረዳህም” የሚል ነው። ሕጉ ሠራተኛውን በሸቀጡ በኩል ካልሆነ በቀር አያየውም ማለት ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ተስፋ የሚያስቈርጥ ነው። ሆኖም የተሻለ መንገድ መኖሩን የሚያሳዩ ሦስት ምሳሌዎች አሉ።

የመጀመሪያው ከካምቦዲያ ነው። በ1999 ካምቦዲያና አሜሪካ በተፈራረሙት የጨርቃ ጨርቅ ውል፥ የካምቦዲያ ፋብሪካዎች የሥራ ሕግን ባከበሩ መጠን ወደ አሜሪካ የሚልኩት ዕቃ ኮታ እንዲጨመርላቸው ተወሰነ። ፋብሪካዎቹን እየዞረ የሚመረምረውም ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት ሆነ። እዚህ ላይ ንግዱ ለዱላ ብቻ ሳይሆን ለሽልማትም ዋለ። የኮታው ሥርዓት በ2004 መጨረሻ ሲቀር ሽልማቱም አብሮ ቀረ እንጂ ሐሳቡ መልካም ነበር።

ሁለተኛው ከባንግላዴሽ ነው። ሚያዝያ 24 ቀን 2013 ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ፈርሶ 1,134 ሰዎች ሞቱ። ከአንድ ቀን በፊት ግድግዳው መሰንጠቁ ታይቶ በሕንፃው ውስጥ የነበረ ባንክ ሠራተኞቹን ሲያሰናብት፥ ልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግሥቱ እንዲገቡ ታዘዙ። “አንገባም” የሚል ጠንካራ ማኅበር አልነበራቸውም። ከአደጋው በኋላ አሜሪካ ለባንግላዴሽ የሰጠችውን የቀረጥ ቅናሽ አገደች፤ ይሁን እንጂ ቅናሹ ድሮውንም አብዛኛውን ልብስ የማይጨምር ስለ ነበረ ቅጣቱ የልብስ ፋብሪካዎቹን እምብዛም አልነካም። ለውጥ ያመጣው በሌላ በኩል የተፈረመው ውል ነው። ከባንግላዴሽ ልብስ የሚገዙ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት በግንቦት 2013 አንድ ስምምነት ተፈራረሙ። ይህ ስምምነት ገዢዎቹን በግልግል ዳኝነት ሊያስከስስ የሚችል ነበር። በእርሱ መሠረት ከአንድ ሺህ በላይ ፋብሪካዎች ተመረመሩ፤ የእሳት መውጫና የሕንፃ ጥገና ተደረገ። ኀላፊነቱ ከሸሚዙ አንገት ላይ ስሙ ለተጻፈው ኩባንያ ሲደርስ ገንዘቡም ተገኘ።

ሦስተኛውና እኛ ከሁሉ የምናደንቀው ከሜክሲኮ ነው። አሜሪካ፥ ሜክሲኮና ካናዳ የተፈራረሙትና ከሐምሌ 2020 ጀምሮ የጸናው የንግድ ውል ፈጣን የአቤቱታ መንገድ አለው። በዚህ መንገድ የሚከሰሰው አገር አይደለም፤ አንድ የታወቀ ፋብሪካ ነው። ክሱም የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብት ተነክቷል የሚል ነው። የሚያዘውም የዚያ ፋብሪካ ዕቃ ነው፤ ጊዜውም በዓመታት ሳይሆን በወራት ይቈጠራል። በሲላዎ ከተማ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ በ2021 የኅብረት ስምምነቱን ለማጽደቅ በተደረገው ድምፅ አሰጣጥ ላይ፥ ሠራተኞቹን እንወክላለን የሚለው አሮጌ ማኅበር የድምፅ ወረቀት ማበላሸቱ ተገለጠ። በዚህ መንገድ ጉዳዩ ታይቶ ድምፁ እንደገና ሲሰጥ ሠራተኞቹ አሮጌውን ስምምነት ጣሉት። በየካቲት 2022 ደግሞ በነጻ ምርጫ አዲስ ማኅበር መረጡ፤ በዚያው ዓመት በግንቦትም 8.5 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ አገኙ። ፋብሪካው አልተዘጋም፤ አገሩም ከገበያ አልተባረረም። ጉድለት የለበትም አንልም፤ በአሜሪካ ፋብሪካዎች ላይ እንዲሠራ የተፈቀደለት በጣም ጠባብ በሆነ ሁኔታ ነው። ቢሆንም የንግድ ሕግ ለሠራተኛው ሊሠራ አይችልም ለሚሉት ሁሉ በቂ መልስ ነው።

ከእነዚህ ምሳሌዎች ተነሥተን የምንጠይቀው አራት ነገር ነው።

አንደኛ፤ ቅጣቱ ከአገር ጫንቃ ላይ ተነሥቶ በደሉን በፈጸመው ፋብሪካና ከእርሱ በሚገዛው ኩባንያ ላይ ይሁን። መንግሥት በሠራው ጥፋት የልብስ ሰፊዋ እንጀራ መያዣ አይሁን።

ሁለተኛ፤ አቤት የማለት መብት የተበደለው ሠራተኛና የማኅበሩ ይሁን። የሠራተኛው ክስ የሌላው መንግሥት የፖለቲካ ፈቃድ ሲኖር ብቻ የሚነሣ ከሆነ መብት ሳይሆን ልመና ነው። በደሉ ንግድን ነክቷል ወይም አልነካም የሚለው ማስረጃም ከሠራተኛው አይጠየቅ።

ሦስተኛ፤ ሕጉ ለባለጸጋውም ለድሀውም እኩል ይሁን። ራሱ ያልፈረመውን ውል ሌላው እንዲፈጽም የሚያስገድድ አገር መጀመሪያ ይፈርም።

አራተኛ፤ ቅጣት ባለበት ሽልማት ይኑር። የሠራተኛውን መብት ለሚያከብር አገር ገበያው ይስፋለት፤ ገዢው ኩባንያም ከሸሚዙ ትርፍ የተሻለውን ዋጋ ይክፈል።

ይህን ሁሉ ከውጭ አገር ስንጠይቅ በቤታችን የቀረውን ሥራ መርሳት አይገባንም። የአገራችን የሠራተኛ ማኅበራት ታሪክ አጭር አይደለም። በ1962 የወጣው የሥራ ግንኙነት ድንጋጌ ማኅበር ማቋቋምን ፈቀደ፤ በ1963 የሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተቋቋመ፤ በ1975 በደርግ ዘመን ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላም በሌላ መልክ ተመለሰ። በእኛ አቈጣጠር በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይናገራል። አዋጁ ከወጣ በኋላ ግን ወለሉ ሳይቈረጥ ዓመታት አለፉ። ኮንፌዴሬሽኑም በኢንዱስትሪ ፓርኮች ውስጥ ሠራተኛውን ለማደራጀት እንቅፋት እንደሚገጥመው በአደባባይ ሲናገር ሰምተናል። የውጭው ሕግ ምንም ያህል ቢሻሻል፥ አቤት የሚል ማኅበር በሌለበት ፋብሪካ ውስጥ ማን ያነሣዋል? የሲላዎ ሠራተኞች ያሸነፉት ሕጉ ስለ ተጻፈ ብቻ አይደለም፤ ተሰብስበው ድምፅ ስለ ሰጡም ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን አባቶቻችን ያለ ምክንያት አልተናገሩትም።

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ጥያቄዋን ያቀረበችው በ2003 ነው። ከዚያ ጀምሮ በተደረገው ረጅም ድርድር ስለ ቀረጥ፥ ስለ ባንክ፥ ስለ ቴሌኮሙኒኬሽን ብዙ ተብሏል። እኛ የምንለው የአገር የንግድ ውል በሚመከርበት ጠረጴዛ ሁሉ የሠራተኛው ተወካይ ወንበር ይኑረው ነው። ነጋዴው በንግድ ምክር ቤቱ በኩል ሐሳቡን የሚሰጥ ከሆነ፥ ዕቃውን በእጁ የሚሠራውስ ለምን ውጭ ቆሞ ውሳኔ ይጠብቃል?

ይህ ጉዳይ እኛን ተማሪዎችን የሚመለከተው በሩቁ አይደለም። በፋብሪካዎቹ ውስጥ ያሉት ዕድሜያቸው የእኛ ነው፤ ከእኛ ጋር አንድ የትምህርት ቤት ወንበር ላይ የተቀመጡም አሉባቸው። አንድ ፈተና እኛን ወደዚህ ግቢ እነርሱን ወደ ስፌት መኪናው ላከ። ነገ ከመካከላችን አንዳንዱ የፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ኀላፊ፥ አንዳንዱ የሥራ ሁኔታ ተቈጣጣሪ፥ አንዳንዱ ዳኛ፥ አንዳንዱም በጄኔቭ የአገሩ ተደራዳሪ ይሆናል። በዚያን ጊዜ “ርካሽ ጉልበት አለን” ብሎ የገዛ እኅቱን ለገበያ የሚያቀርብ ምሁር ከሆንን ትምህርታችን ምን ረባን?

ስለዚህ የሕግና የኤኮኖሚ ትምህርት ክፍሎች መምህሮቻችን ይህን ጉዳይ በክፍል ውስጥ እንዲያነሡልን፥ የጓቲማላውን ውሳኔና የሜክሲኮውን መንገድ በሚገባ እንዲያስተምሩን እንለምናለን። የማኅበራችን አመራርም ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ተነጋግሮ፥ አዋጅ ቍጥር 1156ን በቀላል ቋንቋ፥ በአማርኛና በሌሎቹም የአገራችን ቋንቋዎች አዘጋጅቶ ለፋብሪካ ሠራተኞች እንዲያደርስ ሐሳብ እናቀርባለን። የማባዣ መኪናው ይህን ጋዜጣ ለማተም ከቻለ ያንንም ለማተም አያቅተውም። ወረቀቱን ለማጠፍና ለማደል ፈቃደኛ የሆነ ተማሪ ስሙን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ያስመዝግብ።